የኤደን ጥንታዊ የውኃ ገንዳዎችና የጠዊላ ሸለቆ መናፈሻ

በየመን የወደብ ከተማ በኤደን፣ «ክሬተር» የተባለው ጥንታዊ ሠፈር ከተራራው በሚገናኝበት ስፍራ የጠዊላ ሸለቆ ይገኛል። በዚህ ጠባብ ሸለቆ ተከታትለው የተሠሩት የውኃ ገንዳዎች በዐረብኛ «ሰሃሪጅ» ይባላሉ። ዛሬ በዙሪያቸው ካለው የአትክልት ስፍራ ጋር የሕዝብ መናፈሻ ሆነው ያገለግላሉ።

ኤደን ወንዝ የላትም፤ ዝናብም እምብዛም አይጥልባትም። በጣለ ጊዜ ግን ውኃው ከዐለታማው ተራራ ተንደርድሮ በድንገት ወደ ከተማዪቱ ይወርዳል። ገንዳዎቹ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩት ስለዚህ ነው። የላይኛው ሲሞላ ትርፉ ወደ ታችኛው ይፈስሳል፤ የጎርፉም ኃይል በየደረጃው ይበርዳል። በዚህ ዘዴ ከተማዪቱ ከጎርፍ ትጠበቃለች፤ ውኃም ይጠራቀምላታል። ከፊሎቹ ገንዳዎች ከዐለት የተፈለፈሉ፣ ከፊሎቹም በድንጋይ የተገነቡ ሲሆኑ፣ ውኃ እንዳያሰርጉ የእሳተ ገሞራ አመድ በገባበት ልስን ተለስነዋል።

የተሠሩበት ዘመን የታሪክ ጸሐፊዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኤደንን የጎበኘው ኢብን ባቱታ፣ ነዋሪዎቿ የዝናብ ውኃ በሚጠራቀምባቸው ገንዳዎች እንደሚጠቀሙ ጽፏል። ከጊዜ በኋላ ግን ገንዳዎቹ ከተራራው በወረደ ድንጋይና አፈር ተቀበሩ።

እንግሊዞች ኤደንን እ.ኤ.አ. በ1839 ከያዙ በኋላ፣ ሌተናንት ፕሌይፌር የተባለው መኮንን በ1854 ገንዳዎቹን አገኘ፤ የጠረጋውና የእድሳቱ ሥራም ተጀመረ። ይሁን እንጂ የአዳሾቹ ዋነኛ ዓላማ ብዙ ውኃ ማከማቸት ስለነበረ፣ ጎርፍን በየደረጃው የማብረዱ ጥንታዊ ሥርዓት ተለወጠ። በተከታታይ ከተደረጉት እድሳቶች በኋላ፣ 53 እንደነበሩ ከሚነገርላቸው ገንዳዎች የቀሩት 13 ብቻ ናቸው። እነዚህም በአንድነት 19 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ውኃ መያዝ ይችላሉ። ከትልልቆቹ መካከል ክቡ ገንዳ በፕሌይፌር ስም ይጠራል።

የእንግሊዝ አገዛዝ በ1967 ካበቃ ወዲህም ስፍራው የከተማዪቱ ሕዝብ መዝናኛ ሆኖ ቆይቷል። ገንዳዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆኑ ጎብኚው እንደ ሐውልት ብቻ ሊመለከታቸው ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 በኤደን የወረደው ከባድ ዝናብ የሰው ሕይወት አጥፍቶ መንገዶችንና ቤቶችን ሲያጥለቀልቅ፣ ጥንታውያኑ ሊከላከሉት የደከሙለት አደጋ ዛሬም እንዳለ ታይቷል። ስለዚህ የሰሃሪጅ እድሳት ግድግዳ በመለሰንና ዛፍ በመትከል ብቻ አይፈጸምም። ከተራራው እስከ ገንዳዎቹ፣ ከገንዳዎቹም እስከ ባሕር ያለው የውኃ መንገድ ከቆሻሻና ከግንባታ ነጻ ሆኖ ሊጠበቅ ይገባል።