አስነጋሪ የሌለው ፈተና

የአንደኛ ዓመት የሒሳብ ፈተና ሲቃረብ ካምፓስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍሬሽ ይታያል። የአንደኛው ታላቅ ወንድም ወይም የሰፈር ልጅ እዚያው ግቢ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። ስለዚህ የድሮ ፈተና፣ የተሠራ ወርክሺት፣ «ይቺን ዝለላት፣ እቺን ግን ሦስቴ ሥራት» የሚል ምክር በእጁ አለ። ሁለተኛው የመጣው ከወምበርማ ወይም ከቋሪት ገጠር ነው፤ ከቀበሌው ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ሰው ራሱ ነው። ሁለቱም አንድ ሌክቸር ሰምተዋል፣ አንድ ሞጁል ይዘዋል። ውጤት ሲለጠፍ ግን አንዱ ሰቃይ፣ ሌላው ዋርኒንግ። እኛም «ያኛው ጎበዝ፣ ይሄኛው ሰነፍ» ብለን እንገላገላለን።

እስቲ ለዛሬ የጉብዝናውን ነገር እንተወውና ስለ ርዳታ እናውራ። ለፈተና የሚያዘጋጅ ርዳታ ማን ለማን ይሰጣል? ግዴታ ነው ወይስ ውለታ? ይህ ጥያቄ ታሪክ አለው። ታሪኩ ደግሞ ከሒሳብ ዲፓርትመንት ሳይሆን ከጎጃም ቅኔ ቤት ይጀምራል።

ሩቅ ያልሄደው ሰው

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል አብዛኛው የከተማ ወጣት የሚታየው ሰምና ወርቅ ነው። ወርቁን ለጊዜው እናቆየውና የትምህርት ቤቱን አሠራር እንይ። መምህሩ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ብዙ። መጽሐፍ ለሁሉም አይዳረስም። ታዲያ ከሩቅ አገር አኮፋዳውን አንግቶ የመጣ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ የሚበላ ጀማሪ እንዴት ይማራል?

መልሱ አስነጋሪ ነው። አስነጋሪ መምህር አይደለም፤ ራሱም ገና ተማሪ ነው፤ ነገር ግን ከጀማሪው አንድ እርምጃ ቀድሟል። ጀማሪዎቹን ሰብስቦ ግሱን ያስነግራል፣ እርባ ቅምሩን ያስጠናል፣ የሳተውን ይመልሳል። ተራው ሲደርስ ደግሞ እሱ ራሱ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ቅኔ ይነግራል፤ ይታረማል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ርዳታው የጓደኛ ውለታ አይደለም፤ የትምህርቱ አካል ነው። ሁለተኛ፣ የሚረዳው ሰው ሩቅ አልሄደም፤ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚደናቀፉ ትናንት ስለተደናቀፈ ያውቀዋል። ሦስተኛ፣ እያስጠና ራሱ ይማራል። ዛሬ ጎበዝ ተማሪን «ቀለሜ» ብለን ስናፌዝበት ብቻውን መጽሐፍ ላይ የተደፋ ሰው ነው የሚታየን። ቅኔ ቤት ግን ቀለም በጋራ የሚጠና ነገር ነበር።

«ይሄ ግጥም ነው፤ ሒሳብ ምን አገባው?» የሚል ካለ ባሕረ ሐሳብን ያስታውስ። በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ያካፍላል፤ ከቀሪው አንዱን ለዘመን ይተዋል፤ የተረፈው ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ሲያካፍል ቀሪው አበቅቴ ነው፤ በ19 አባዝቶ ለ30 ሲያካፍል ቀሪው መጥቅዕ ነው። የ2018 ዓ.ም.ን እንሞክር። ዓመተ ዓለሙ 5500 ሲደመር 2018፣ ማለትም 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ ወንበሩ 12 ሆነ ማለት ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ ለ30 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ አበቅቴው 12 ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ 18 ይቀራል፤ መጥቅዑ 18 ነው። የሁለቱ ድምር 30። ሁልጊዜም 30 ነው፤ ለምን እንደሆነ ማሳየት ለአንድ ፍሬሽ ጥሩ የቤት ሥራ ይሆናል። ይህን ስሌት በቃል የሚያወርድ ዲያቆን ባለበት አገር «የገጠር ልጅ ሒሳብ አይገባውም» የሚል ሰው የቸኮለ ይመስለኛል።

ይህን ስል ግን የድሮውን ዘመን ልቀባ አይደለም። የቅኔ ቤቱ ተማሪም አስነጋሪም ወንድ ነበር። እንደ ጽላሎዋ የቅኔ መምህርት እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ሴቶች ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው እጅግ ብርቅ ስለነበሩም ነው። የሚያሳዝነው ነገር፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከቅኔ ቤቱ ሳይወርሰው የቀረው በዋናነት ይህንን ሴት ማግለል አይደለም። ያልወረሰው አስነጋሪውን ነው።

ለገና የሚመረቁት

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1954 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጠቃሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብቻ አልነበረም ያለው፤ ማትሪክም ነበር። ማትሪክ ውስጥ ደግሞ ሒሳብና እንግሊዝኛ የማይታለፉ ነበሩ።

ማትሪክን ያለፈ ሰው ፍሬሽማን ይጠብቀዋል። በዚያ ዘመን የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያበቃ የሚባረረው ተማሪ ከመብዛቱ የተነሳ «ክሪስማስ ግራጁዌት» የሚል የምር ቀልድ ተፈጠረ። ልጁ በመስከረም በሆታ ተሸኝቶ ለገና «ተመርቆ» ይመለሳል። የከተማ ልጅ ሲባረር ወደ አባቱ ቤት ይገባል፤ ሥራ ይፈለግለታል። የባላገር ልጅ ግን አባቱ በሬ ሸጦ፣ ጎረቤት አዋጥቶ የላከው ነው። እሱ ሲመለስ አብሮት የሚመለሰው የቀበሌው ሰው ሁሉ በትምህርት ላይ የነበረው እምነት ነው። ታናናሾቹን «ያ ሁሉ ተምሮ ምን አመጣ?» እያሉ ወደ እርሻ የሚያስቀሯቸው በእሱ ምሳሌ ነው።

የሚገርመው በዚሁ ዘመን ዩኒቨርሲቲው ሳያስበው አስነጋሪ ፈጥሮ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ገብተው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ማስተማር ጀምረዋል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የሰላም ጓዱ ሒሳቡን ያውቃል፤ የስድስት ኪሎን ፍሬሽማን ግን አልተፈተነም። አገልጋዩ ተማሪ ተፈትኗል፤ ያውም ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት። የጎጃም የክፍለ ሀገር ተማሪ ፊት የቆመው ሰው «እዚያ ስትደርስ እንዲህ ይጠይቁሃል» ማለት የሚችል ነበር። ዓላማው አገር ማገልገል ይሁን እንጂ ሥራው የአስነጋሪ ሥራ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ይህ አሠራር ቀረ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን እንደገና ወደ ገጠር አወጣው፤ መልእክቱ ግን ሌላ ነበር፤ ጊዜውም ሌላ።

የማይጠየቀው መምህር

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ያደግንበት ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሰናዶን አመጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍሬሽማን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ 11ኛና 12ኛ ክፍል ገባ፤ የብዙው ዲግሪ ዘመንም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። በስድስት ኪሎ ሌክቸረር ይሰጥ የነበረው ሒሳብ ጓዙን ጠቅልሎ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ መጣ ማለት ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ የሚያስተምረው ሰው አብሮ ስላልመጣ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ተላከ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ከግድግዳው ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ ይወርዳል። የክፍሉ መምህር ከፊትና ከኋላ የተረፉለትን ጥቂት ደቂቃዎች ይዞ ዳር ይቆማል። ፕላዝማው ጥሩ ሥዕል ነበረው፤ ግራፉ ሲሳል ያምራል። ግን እጅህን ብታወጣ አያይህም። «ሁለተኛው መስመር ላይ ጠፋብኝ» ብትለው ሦስተኛው ላይ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ሄደ። አስነጋሪ ማለት ጥያቄህን ሰምቶ ወደ ኋላ የሚመለስልህ ሰው ከሆነ፣ ፕላዝማ የእሱ ተቃራኒ ነው።

ከጃቢ ጠህናን ወይም ከደጋ ዳሞት ገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ ሦስት አራት ሆኖ ክፍል የተከራየው ተማሪ ያኔ ምን አደረገ? አርብ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ማታ ማታ በአንድ አምፖል ሥር አንዱ የገባውን ለሌላው ያስረዳል። ማንም ሳያዝዘው ቅኔ ቤቱን መልሶ ሠራው ማለት ይቻላል። ብዙዎችን ያሻገረው ያ አምፖል ነው። ችግሩ፣ አራቱም አንድ ደረጃ ላይ ስለሆኑ ቀድሞ ያየ ሰው መካከላቸው የለም። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ እሱም ጠባብ ነው፤ ውሃ መቅዳቱ፣ ማብሰሉ፣ በማታ መውጣት አለመቻሉ ሰዓቱን ይበላዋል።

በርክሌይ የተገኘው ነገር

ይህ የእኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን አሜሪካን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትሪስማን የተባለ የሒሳብ ሰው አንድ ነገር አሳሰበው። ጥቁር ተማሪዎች በአንደኛ ዓመት ካልኩለስ በብዛት ይወድቃሉ፤ የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ያልፋሉ። መምህራኑን ምክንያቱን ሲጠይቃቸው የተለመደውን አሉት፦ ፍላጎት ማጣት፣ ደካማ መሠረት፣ የቤተሰብ ድጋፍ ማነስ። ትሪስማን ተማሪዎቹን ተከትሎ እንዴት እንደሚያጠኑ አየ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ተግተው ያጠናሉ፤ ግን ብቻቸውን። ቻይናውያኑ ብቻቸውን ከሠሩ በኋላ ማታ ተሰብስበው እርስ በርስ ይተራረማሉ፤ የድሮ ፈተና አውጥተው ይፋለጣሉ።

ትሪስማን ታዲያ የማካካሻ ክፍል አልከፈተም። ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ ተማሪዎቹ በቡድን እንዲሠሩ አደረገ፤ አጠገባቸው ቀደም ያለ ሰው አስቀመጠ። ውጤታቸው በጉልህ ተሻሻለ። ልብ በሉ፤ «ደካማ ናችሁና ቀላሉን ልስጣችሁ» አላላቸውም። ቅኔ ቤትም ለጀማሪ የሚሰጥ ቀላል ግእዝ የለም።

አሁንስ?

ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። የተፈጥሮ ሳይንሱ ሒሳብ በአመክንዮና በስብስብ ይጀምራል፤ የቁጥር ሥርዓትን፣ ፈንክሽንን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪን ይዞ ይቀጥላል። ዩኒቨርሲቲውም ለምዕራብ ጎጃም ቀርቧል። ደብረ ማርቆስ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀምሯል፤ እንጅባራም ተከትሏል። ሆኖም ምደባው አገር አቀፍ ስለሆነ የቡሬ ልጅ ጅግጅጋ ወይም አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል። እዚያ የእሱን ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሲኒየር ማግኘት ዕድል ነው።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች ግማሹን ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። ከወደቁት የተሻለ ያመጡት በሪሚዲያል ገቡ፤ እዚያም በሁለቱም ዘርፍ ሒሳብ አለ። ያው ዓመት ሳያልቅ በአማራ ክልል ግጭቱ ተነሳ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ተዘጉ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋረጠ። የከተማው ልጅ በቴሌግራም ወርክሺት ሲቀባበል የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ያችንም አጣ። ፒዲኤፍ ራሱ አስነጋሪ አይደለም፤ ልጁ ግን እሱን እንኳ አላገኘም።

መቶ ጊዜ ፈተናውን ቀየርን፦ ማትሪክ፣ ፍሬሽማን፣ መሰናዶ፣ ሪሚዲያል። በሩ ተቀያየረ፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚያስገባው ቀደም ያለ ልጅ ግን ለዕድል ተተወ። አገር ያላት ታላቅ እህት ያላትን ነው። ይህን ለመለወጥ ሳተላይት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የኢንጂነሪንግ ሲኒየሮቹን መዝግቦ፣ ለአምስት ለአምስት ፍሬሽ አንድ እየመደበ፣ ሥራቸውን እንደ ኮርስ ቢቆጥርላቸው በቂ ጅምር ነው። ለሴቶቹ በዶርማቸው ሕንጻ ውስጥ፣ ሴት አስነጋሪ። በክረምት በጎ ፈቃድ ወደ አገራቸው የሚመለሱት ተማሪዎች ደግሞ ሰፈር ከማጽዳቱ ጎን ለጎን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትን ልጆች ሰብስበው አንድ ወር የስብስብ ትምህርትና ፈንክሽን ቢያስጠኑስ?

እስከዚያው ግን መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። ሁለተኛ ዓመት የደረስክ፣ የደረስሽ አንባቢ፦ ያ ጥግ ላይ ብቻውን ሞጁል የሚያገላብጠው ልጅ ከየት እንደመጣ ጠይቁት። ከዚያ ወረቀት አውጡና የትኛው መስመር ላይ እንደጠፋበት ያሳያችሁ።