የሉንደሁንድ የጨጓራና የአንጀት በሽታ

የሉንደሁንድ የጨጓራና የአንጀት በሽታ ሉንደሁንድ የተባለውን የኖርዌይ ውሻ ዝርያ በብዛት የሚያጠቃ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ነው። «ሉንደሁንድ ሲንድረም» በመባልም ይታወቃል። ዋና መለያው በደም ውስጥ መቆየት የሚገባው ፕሮቲን በአንጀት በኩል እየፈሰሰ መባከኑ ነው።

የዝርያው ታሪክ

ሉንደሁንድ በየእግሩ ቢያንስ 6 ጣት ያለው ትንሽ ውሻ ነው። በሰሜን ኖርዌይ ደሴቶች በገደል ስንጥቅ የሚኖሩትን ፓፊን የተባሉ የባሕር ወፎች ለማደን ያገለግል ነበር። ወፎቹን በመረብ ማጥመድ ሲለመድ ተፈላጊነቱ ቀነሰ፤ በመጨረሻም በቫሮይ ደሴት በማስታድ መንደር ተወስኖ ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዲስቴምፐር የተባለው ወረርሽኝ ፈጀውና ዝርያው በጥቂት ውሾች ተረፈ። ዛሬ ያሉት ሁሉ የእነዚያ ዘሮች በመሆናቸው እጅግ የተቀራረበ ደም አላቸው፤ ለበሽታው መብዛትም ዋናው ምክንያት ይኸው ነው ተብሎ ይታመናል።

የበሽታው አካሄድ

ከአንጀት ስብ የሚያጓጉዙት የሊምፍ ቱቦዎች ይለጠጣሉ፤ ሲቀደዱም በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ከነፕሮቲኑ ወደ አንጀት ይፈሳል። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ሲያንስ ውሃ ከደም ሥር እየወጣ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። በዚህ ጊዜ የውሻው ጎድን እየተቆጠረ ሆዱ ግን ይነፋል። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ክሳትና የእግር እብጠትም ይታያሉ። የጨጓራው ሽፋን ሊሳሳ ይችላል፤ በአንዳንዶቹ ላይ የጨጓራ ካንሰር ይከተላል። ምልክቱ ጠፍቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ የአንጀት ጉዳት የሚገኝበት ውሻም አይታጣም።

ምርመራና ሕክምና

የእንስሳት ሐኪሙ በደም ምርመራ የአልቡሚንና የቫይታሚን ቢ12 መጠን ያያል፤ ሰገራ መርምሮ ጥገኛ ትሎች አለመኖራቸውን ያረጋግጣል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ከአንጀት በሚወሰድ ናሙና ነው። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ስቡ ያነሰና በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ፣ የቢ12 መርፌ፣ እንዲሁም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ብግነት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ሕመሙን ያስታግሳሉ።

መከላከል

የታመሙትን ከእርባታ ማግለል ብቻውን አይበቃም፤ ጤነኞቹም የቅርብ ዘመዶቻቸው ናቸው። ስለዚህ በኖርዌይ ከ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሉንደሁንድን ቡሁንድን ከመሳሰሉ የሰሜን አውሮፓ ዝርያዎች ጋር የማዳቀል ሥራ ተጀምሯል።