ተራ የማይጠብቀው ሰንጠረዥ

በ2003 እ.ኤ.አ. ጃፓን የወጣውን «ዲስጋያ» የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሲወረወሩ የሚፈነዱት ፔንግዊኖች ያስቃሉ፣ ጌሙ ግን ያደክማል። ቢሆንም ጠላት ተራውን ይጠብቃል። የድሮው የአገራችን ሰንጠረዥ ይህን እንኳ አይሰጥም!

መክፈቻው «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባንዴ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ሁለት ፕሮሰሰር ያለ ጋራ ሰዓት እንደማሠራት በሉት፤ ዓይናችሁ ከባላጋራችሁ እጅ አይነቀልም። ተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ማሸነፍም ብቻውን አያስመሰግንም ነበር። ንጉሡን በፈረስ መያዝ ተራ ነገር ነው፤ በመደቅ፣ ማለትም በእግረኛው፣ የያዘ ግን ይደነቅ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷቸዋል።

መካነ ሰላም ሆናችሁ መሞከር ካማራችሁ ውድ ሰሌዳ አትፈልጉ፤ የጥንቱም ቀይ ጨርቅ ላይ 64 ቤት የተሰመረበት ነው።