ከቅዱስ እስጢፋኖስ እስከ ጣርማ በር፦ የተራራ መንገድ ለብስክሌተኛ

በስደት ከምንኖረው ብዙዎቻችን አርባውን ተሻግረናል። ቀኑን በወንበር፣ ማታውንም በወንበር እናሳልፋለን፤ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ «ተንቀሳቀሱ» እንባላለን። አንዳንዶቻችን ታዲያ ብስክሌት እንገዛለን። ጥቂት ወራት ሜዳ ላይ ከነዳን በኋላ ዓይናችን ወደ ተራራ ያማትራል፤ ቀጥሎም «አገር ቤት ስገባ ጣርማ በርን ብወጣውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔ በውጭ አገር የተማርኩ መሐንዲስ ነኝ፤ ይህችን ጽሑፍ ያሰናዳሁት ከሥራ መልስ በምሽት ነው። ሮም ያለ ሰው በየትኛው መንገድ ቢለማመድ ለጣርማ በር እንደሚዘጋጅ፣ ሮም የማታስተምረውስ ምን እንደሆነ በቁጥር ላስረዳ።

መነሻችን ለምን ቅዱስ እስጢፋኖስ ሆነ?

በቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ፣ ጣሊያኖቹ «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» የሚሉት ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ለአበሻ መነኮሳት ማረፊያ ሆነ። አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን አሳትመዋል። የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስም ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ነው፤ በ1652 ደግሞ አልፕስን ተሻግረው ጀርመን ድረስ ሄደዋል። ሉዶልፍ በ1698 ላሳተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረቱ ከእሳቸው የተማረው ነበር። እንግዲህ ከዚህ ደጃፍ ተነስቶ ተራራ መሻገር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ በብስክሌት አይገባበትም፤ ጉዟችንን ከቅጥሩ ውጪ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ አካባቢ እንጀምራለን።

«በር» እንዴት ይለካል?

አበው የተራራ ማለፊያን «በር» ይሉታል፤ ጣርማ በርም ስሙን ያገኘው እንዲሁ ነው። አንድን በር በዝናው ብቻ የሚፈራ ወይም የሚንቅ ሰው ይሳሳታል። መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛ፣ ከታች እስከ ላይ ስንት ሜትር ከፍታ ይወጣል? ሁለተኛ፣ ያንን ከፍታ በስንት ኪሎ ሜትር ይወጣዋል? ሦስተኛ፣ የሚጀምረውና የሚያልቀው ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ነው? የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል የዳገቱ ቁመት በመቶኛ ይገኛል። በ100 ሜትር መንገድ 4 ሜትር ከፍ ካለ 4 በመቶ ነው፤ ይህ ለዘብ ያለ ዳገት ነው። 7 በመቶ ለጀማሪ ይከብዳል። ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ብዙዎቻችን ወርደን እንገፋለን።

ከሮም የሚነሱ ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው ወደ አልባኖ ሐይቅ የሚወስደው ነው። ከከተማው በደቡብ ምሥራቅ በአፒያ አቅጣጫ ይወጣል። ጥንታዊው አፒያ ለዓይን ያማረ ነው፤ በ1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ካሸነፈበት የማራቶን መንገድ አንዱ ክፍልም እሱ ነበር። ነገር ግን የድንጋይ ንጣፉ ለቀጭን ጎማ አይመችም፤ ድንጋዩ በበዛበት ቦታ አስፋልቱን መርጣችሁ እለፉ። ከዚያ ካስቴል ጋንዶልፎ ድረስ ይወጣል፤ ከተማይቱ 426 ሜትር ላይ ናት፣ ሐይቁ ደግሞ ከሥሯ 293 ሜትር ላይ ተኝቷል። ከሐይቁ በላይ በደረት ነት ዛፍ ጥላ ሥር እየተጠማዘዙ ወደ ሮካ ዲ ፓፓ ይወጣሉ፤ ይህችኛዋ 680 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከበላይዋ 949 ሜትር ከፍታ ያለው የካቮ ተራራ አለ። ከደከማችሁ ከካስቴል ጋንዶልፎ ወደ ተርሚኒ የሚመለስ ባቡር አለ፤ ብስክሌት የሚጭነውን ባቡር አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ከሮም በስተምሥራቅ በአኒዬኔ ወንዝ ሸለቆ ወደ ሱቢያኮ የሚወስደው ነው። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በዋሻ የመነነበት ቦታ ስለሆነ ገዳሙን መሳለም ለሚወድም ይመቻል። ሱቢያኮ 400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእርሷ በላይ ያለው የሊቫታ ተራራ መንገድ እስከ 1,400 ሜትር ገደማ ይወጣል። አንድ ሺህ ሜትር ያህል ያለማቋረጥ መውጣት ማለት ነው። ሥሩ ሌላ፣ አናቱ ሌላ ደን ነው፤ ከላይ ያለው ትልልቅ የቢች ዛፍ ስለሆነ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ቀዝቀዝ ይላል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ሰውየውና ብስክሌቱ በአንድነት 80 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። 1,000 ሜትር ከፍ ለማለት 785 ሺህ ጁል ገደማ ሥራ ይጠይቃል። በ150 ዋት የሚነዳ ሰው ይህን በ87 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ የጎማ ሰበቃና የነፋስ ግፊት ሲጨመር ወደ 100 ደቂቃ ይጠጋል። 150 ዋት ለመካከለኛ ሰው ረጅም ሰዓት የሚቻል ኃይል ነው። ሱቢያኮን በዚህ ሁኔታ ሳይቆም የወጣ ሰው ስለ ጣርማ በር ማሰብ ይችላል።

ጣርማ በር በቁጥር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስንሄድ ደብረ ብርሃን በ130 ኪሎ ሜትር፣ ደብረ ሲና በ190፣ ሸዋ ሮቢት በ225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ጣርማ በር ከደብረ ሲና በፊት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ 1,800 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ በአማካይ 4 በመቶ ያህል ነው። ማሽላ ከሚበቅልበት ቆላ ተነስቶ፣ ወይና ደጋውን አልፎ፣ ገብስ ከሚዘራበት ደጋ በአንድ ቀን ይደርሳል። ከመንገዱ ወጣ ብሎ በአንኮበር አቅጣጫ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ያለበት የተፈጥሮ ደን ነው፤ በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮ ይታያል።

4 በመቶ ከሆነ ሰው ከሚፈራው ይልቅ ለዘብ ያለ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መንገዱንና 600 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን መሿለኪያ ያሠራው ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን የወረረው የፋሽስት ጦር ነው፤ የሠራውም ጭነት የያዘ የጦር ካሚዮን እንዲወጣው ብሎ ነው። የዚያ ዘመን ካሚዮን ጉልበቱ ትንሽ ስለነበረ ዳገቱን በጥምዝምዝ ማለዘብ፣ አናቱንም በመሿለኪያ ማለፍ ግድ ሆነ። «ጣሊያን መንገድ ሠራልን» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለእኛ ብሎ አልሠራውም፤ የኢትዮጵያውያን የጉልበት ሠራተኞች ላብም አለበት። ምሕንድስናውን ማድነቅና ወረራውን ማመስገን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሮም የማታስተምረው

አንደኛው አየሩ ነው። በ3,100 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሮም ውስጥ 150 ዋት የሚያወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ በያዘው ትንፋሽ 125 ዋት ካወጣ ጥሩ ነው። ስለዚህ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ አትነሱ፤ አዲስ አበባም ሆነ ደብረ ብርሃን አንድ ሳምንት ያህል ተቀመጡ፤ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ካለ አትውጡ። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። ያው 80 ኪሎ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ 1.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይለቃል። ከ4 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ቀሪው ፍሬኑና ቸርኬው ላይ ይቀራል። ፍሬን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፣ ከመነዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁ፣ የፊቱንና የኋላውን አፈራርቁ። በየጊዜው ቁሙና እንዲቀዘቅዝ ጠብቁ። ላይ ጉም፣ ነፋስና ብርድ አለ፤ ለቁልቁለቱ ወፍራም ልብስ ያዙ።

ሦስተኛው መሿለኪያው ነው። በጣሊያን ሕግ ብስክሌተኛ በመሿለኪያ ውስጥ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ አለበት። ይህንኑ ልማድ ይዛችሁ ሂዱ፤ የፊትና የኋላ መብራትም ጨምሩ። የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ናቸው፤ ቅድሚያ ይሰጡናል ብላችሁ አትጠብቁ።

ከሁሉ በፊት ግን ጸጥታው ነው። በ2023 በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ይህን መስመርም ነክቶታል። ከመሄዳችሁ በፊት በቦታው ካሉ ዘመዶቻችሁ ጠይቁ፤ ሰላም ካልሆነ ተራራው የትም አይሄድም፣ ይጠብቃችኋል።

ስለ ዕቃ

ከሮም ሁለት ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ መለዋወጫ የፍሬን ጫማና አንድ የካቴና መፍቻ ያዙ፤ ለቀጭን ጎማ የሚሆን ዕቃ በየመንገዱ አይገኝም። በቋንቋ ግን አትቸገሩም፦ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሮም ውስጥ ጎማ የሚጠግንላችሁ ሰው ጎሚስታ ነው፤ ሸዋ ሮቢትም ጎሚስታ ነው።

ኢትዮጵያ በ1956 በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ የተወዳደረችው በሩጫና በብስክሌት ነበር፤ በ1960 ሮም ላይም እንዲሁ። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2024 ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ። እኛ የእነሱን ፍጥነት አንመኝም። በልካችን፣ በቀስታ፣ ሦስቱን ቁጥሮች አውቀን ብንወጣ ይበቃናል።