ዳሊ፦ ከተራራው ሥር ያለችው የሱልጣን ሱለይማን ከተማ

ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከሻሸመኔ ተነስተው ቻይና ደርሰው የሚመለሱ ወንድሞችና እህቶች አብዛኞቹ የሚያውቁት ጓንዡን ነው። ዕቃ ይመርጣሉ፣ ኮንቴይነር ያስጭናሉ፣ ጁምዓ ሲደርስ ደግሞ የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) መቃብር አለበት ወደሚባለው መስጂድ ሄደው ይሰግዳሉ። የቻይና ሙስሊሞች በአፈ ታሪካቸው ታላቁ ሶሓባ ከሐበሻ ተነስተው በባሕር ወደ አገራቸው እንደመጡ ይናገራሉ። ለእኛ ለሐበሾች ጆሮ ደስ የሚል ወሬ ነው። ነገር ግን ሰዕድ (ረ.ዐ) መዲና አቅራቢያ ዐቂቅ በሚባል ቦታ ሞተው በቂዕ መቀበራቸውን ዑለሞች መዝግበዋል። የቻይና የታንግ መንግሥት መዝገብ የሚነግረን እ.ኤ.አ. በ651፣ በኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን፣ ከዐረቦች ዘንድ መልእክተኛ መምጣቱን ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ግን ስለ ጓንዡ አይደለም። ሥራውን ጨርሶ ጥቂት ቀን የተረፈው ሰው ቢያያት ስለምንመክራት አንዲት ተራራማ ከተማ ነው። ስሟ ዳሊ ይባላል። የምትገኘው በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ ከበርማ ጋር በሚዋሰነው በዩናን ክፍለ ሀገር ነው። ከዩናን ዋና ከተማ ከኩንሚንግ በ2018 የተከፈተው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ያደርሳል።

ለስምጥ ሸለቆ ልጅ የዳሊ መልክዓ ምድር እንግዳ አይሆንበትም። በምዕራብ በኩል 19 ጫፎች ያሉት ጻንግሻን የሚባል ተራራ ቆሟል፤ ከፍተኛው ጫፍ 4,122 ሜትር ነው። በምሥራቅ ኤርሃይ ሐይቅ ተዘርግቷል። ከተማዋ በሁለቱ መሃል ገብታለች። ባቱ ላይ ቆሞ ዝዋይን ከፊቱ፣ የአርሲን ተራሮች ከማዶ ያየ ሰው አገሩ የገባ ይመስለዋል። ኤርሃይ 250 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዝዋይ ያንሳል፤ ሁለቱም ግን መሬት ተሰንጥቃ በመስመጧ የተፈጠሩ ሐይቆች ናቸው። ዳሊ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከአዳማ ትንሽ ከፍ፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። ከተራራዋ የሚወጣው ድንጋይ ዝነኛ ከመሆኑ የተነሳ ቻይናዎች እምነ በረድን ሁሉ «ዳሊ ሺ»፣ የዳሊ ድንጋይ፣ ይሉታል። ይህን ድንጋይ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቱሪስቱ እዚያ ሲደርስ የሚያደርገው የታወቀ ነው። በሽቦ ላይ በሚሄደው መጓጓዣ ወደ ተራራው ይወጣል። ከሺህ ዓመት በላይ የቆዩትን ሦስት የቡድሃ ማማዎች ያያል፤ ትልቁ 69 ሜትር ይረዝማል። ነጫጭ ግድግዳ ያላቸውን የባይ ብሔረሰብ ቤቶች ፎቶ ያነሳል። ከዚያ በአሮጌው ከተማ ዋና ጎዳና ሻይና ጌጣጌጥ እያማረጠ ሲሄድ በአንድ ሙዚየም በር ላይ ያልፋል። ያ ግቢ ከ150 ዓመት በፊት የአንድ ሙስሊም መሪ መቀመጫ ነበር። ሰውየው በቻይንኛ ዱ ዌንሽዩ፣ በዐረብኛ ሱልጣን ሱለይማን ይባላል። ከተማዋን ለ16 ዓመት አስተዳድሯል።

ሙስሊሞች እዚህ ተራራ ሥር እንዴት ደረሱ? በ1253 የሞንጎሉ ኩብላይ የዳሊን ንጉሣዊ መንግሥት አሸንፎ ያዘ። ከሠራዊቱም ሆነ ከኋላው ከመካከለኛው እስያ ብዙ ሙስሊሞች መጡ። በ1274 ደግሞ የቡኻራው ተወላጅ ሰይድ አጀል ሸምሱዲን ዑመር የዩናን ገዥ ሆኖ ተሾመ። እስከሞተበት እስከ 1279 ድረስ የኩንሚንግን ውኃ ገደበ፣ መስኖ ዘረጋ፣ መስጂድ አሠራ፤ ለአገሬው ሰዎች ደግሞ የኮንፊሽየስን ቤተ መቅደስ አሠራላቸው። በመርከቦቹ እስከ ሞቃዲሾና ዐደን የዘለቀው ታዋቂው የባሕር አዛዥ ዜንግ ሄ የዚህ ሰው ዘር እንደሆነ ይነገራል። ዜንግ ሄ በ1371 የተወለደው ከኩንሚንግ ሐይቅ ዳር ሲሆን አባቱም አያቱም «ሐጂ» የሚል መጠሪያ ነበራቸው። ባሕር ከማይታይበት ተራራማ አገር የወጣ ልጅ የቻይናን ትልቁን የባሕር ኃይል መራ፤ ሱብሃነላህ።

የዩናን ሙስሊሞች ዋና ሥራ የበቅሎ ጭነት ንግድ ነበር። ሻይ፣ ጨርቅና ማዕድን ጭነው ቲቤትና በርማ ድረስ ይመላለሱ ነበር። የእኛ አገር የጀበርቲ ነጋዴዎች ቡናና አሞሌ ጭነው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄዱበትን ዘመን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ማስረዳት አያስፈልገውም። ችግሩ የመጣው ከመካከለኛው ቻይና ብዙ ሰፋሪዎች ወደ ዩናን ሲገቡ ነው። የብር ማዕድን፣ የእርሻ መሬትና ገበያ አጣሉ። የአካባቢ ሹሞች ጠቡን እንደማብረድ ከአንዱ ወገን ቆሙ።

በ1845 ባኦሻን በምትባለው ከተማ ሺዎች ሙስሊሞች በአንድ ጊዜ ታረዱ። ዱ ዌንሽዩ የዚያች ከተማ ልጅ ነበር፤ የመንግሥትን ፈተና ያለፈ፣ የተማረ ወጣት። የሱ የመጀመሪያ እርምጃ ሰይፍ ማንሳት አልነበረም። በ1847 ሺዎች ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ቤጂንግ ሄደና ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አቤቱታ አቀረበ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተመደበው ሊን ዜሹ ነበር፤ የእንግሊዞችን ኦፒየም በ1839 ያስወገደው፣ ዛሬ በቻይና እንደ ጀግና የሚታየው ባለሥልጣን። ሊን መረመረ፣ የተወሰኑ ሰዎችንም ቀጣ። የተፈናቀሉት ግን ወደ ርስታቸው አልተመለሱም። ከሞት የተረፉት ወደ ሌላ ቦታ ሄደው እንዲሰፍሩ ተደረገ። ይህን ክፍል ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኛ ግን ከሁሉም በላይ ሊነበብ የሚገባው እሱ ይመስለናል። አቤት ያለ ሰው ፍትሕ ቢያገኝ ኖሮ በዳሊ የሱልጣን ግቢ ባልኖረ ነበር።

በግንቦት 1856 በኩንሚንግ ራሷ ሙስሊሞች ለቀናት ተጨፈጨፉ። ከዚያ በኋላ ክፍለ ሀገሩ በሙሉ ተቀጣጠለ። በዚያው ዓመት ዱ ዌንሽዩ ዳሊን ያዘ። አስተዳደሩን «የሙስሊሞች ብቻ» አላደረገውም፤ ከባይ፣ ከይና ከሃን ብሔረሰቦች ብዙ ሹሞችና የጦር መሪዎች ነበሩት። በቻይንኛ ሲጽፍ የቻይና መሪ፣ በዐረብኛ ሲጽፍ ሱልጣን ነበር። ዳሊ ውስጥ ቁርኣን በእንጨት ቅርጽ እየታተመ ወጣ፤ መድረሳዎች ተከፈቱ፤ የበርማ መንገድ ንግድም ቀጠለ።

ሁሉም ሙስሊም አብሮት አልቆመም። በ1841 በበርማ በኩል ለሐጅ ወጥቶ በካይሮና በኢስታንቡል ዓመታት ያሳለፈው ታላቁ ዓሊም ዩሱፍ ማ ዴሺን ከቺንግ መንግሥት ጋር መታረቅን መረጠ። ደም እንዳይፈስ የፈለገ ሰው ነበር። ነገሩ ሁሉ ካበቃ በኋላ፣ በ1874፣ ያው የታረቀው መንግሥት በሞት ቀጣው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። በ1872 ዳሊ በቺንግ ጦር ስትከበብ ሱልጣኑ ሐሰን የሚባለውን ልጁን ከመልእክተኞች ጋር ወደ ለንደን ላከ። ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከው ስጦታ ከተራራው የተቆረጠ የዳሊ ድንጋይ ነበር፤ አገሬን ከነተራራዋ በጥበቃችሁ ሥር አድርጉ ማለቱ ነው። አጼ ቴዎድሮስ በ1862 ለዚያችው ንግሥት ደብዳቤ ጽፈው መልስ እንዳጡ፣ መጨረሻውም በ1868 መቅደላ ላይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በአሥር ዓመት ልዩነት ከሁለት ተራራማ አገሮች ሁለት ልመናዎች አንድ ደጅ አንኳኩ። እንግሊዞች ሐሰንን በትሕትና አስተናገዱት፤ ከቺንግ መንግሥት ጋር ያላቸው ንግድ ስለሚበልጥባቸው ግን ባዶ እጁን ሸኙት። ሐሰን አገሩ ሳይመለስ ዳሊ ወደቀች።

በታኅሣሥ 1872 ዱ ዌንሽዩ እጁን ከሰጠ ሕዝቡ እንደሚተርፍ አሰበ። መርዝ ጠጥቶ በሰው ትከሻ በሚያዝ ወንበር ተቀመጠና ከከተማው በር ወጥቶ ወደ ቺንግ ጦር ሰፈር ሄደ። አንገቱን ቆረጡት። ጥቂት ቀናት ቆይተው ወደ ከተማዋ ገቡና ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ ሳይለዩ ሺዎችን ገደሉ። ወደ ሐይቁ ሸሽተው የሰመጡም ብዙ ነበሩ። ዛሬ ቱሪስት በጀልባ የሚንሸራሸርበት ኤርሃይ ማለት ነው።

ይህን የምናነሳው የቱሪስቱን ደስታ ለማደፍረስ አይደለም። እኛስ? በ2014 የተከፈተውና ቻይናዎች የሠሩት የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በሞጆ በኩል ያልፋል። የታሪክ ጸሐፊዎች በ1529 ኢማም አሕመድና አጼ ልብነ ድንግል የተዋጉበትን ሽምብራ ቁሬን በዚያው አካባቢ ያስቀምጡታል። ከሁለቱም ወገን ስንት ሰው እንደወደቀበት ሳናስብ፣ ስልካችንን እየነካካን እናልፈዋለን።

ዳሊ ለምትሄዱ ጥቂት ነገር እንጨምር። ሙዚየሙ ያለው ፉሺንግ በሚባለው ጎዳና ላይ ነው። የዱ ዌንሽዩ መቃብር ከአሮጌው ከተማ ወጣ ብላ ሺያዱይ በምትባል መንደር ይገኛል። ወደ ደቡብ ዌይሻን ከወረዳችሁ ዶንግሊያንሁዋ የምትባል የሙስሊም መንደር አለች፤ የድሮ የበቅሎ ነጋዴዎች ቤቶች እስካሁን አሉባት። ሐላል ምግብ ስትፈልጉ «ቺንግዠን» ብላችሁ ጠይቁ፤ በቅርብ ዓመታት የዐረብኛ ጽሑፍ ከብዙ ምግብ ቤቶች ላይ እንዲነሳ ስለተደረገ ምልክቱን በዓይን ብቻ መፈለግ ያስቸግራል። የመስጂድ ጉልላቶችም በዩናን እየተነሱ ነው፤ በ2023 ናጂያዪንግ በምትባል ከተማ ምእመናንና ፖሊስ በዚሁ ጉዳይ ተጋጭተዋል። ስለዚህ ፎቶ ስታነሱና ስትጠይቁ ለአገሬው ሰው ችግር እንዳታመጡበት ተጠንቀቁ። ሽማግሌ ካገኛችሁ ሰላምታው አንድ ነው፤ «አሰላሙ ዐለይኩም» ስትሉ ይመልስላችኋል።

ከጭፍጨፋው ያመለጡት በበቅሎ መንገዳቸው ወደ በርማ ተሻገሩ። በርማዎች ፓንታይ ይሏቸዋል። የበርማው ንጉሥ ሚንዶን ቡድሂስት ቢሆንም ዳሊ ገና ሳትወድቅ ለዩናን ሙስሊም ነጋዴዎች በዋና ከተማው በማንዳላይ መሬት ሰጥቷቸው ነበር። በ1868 መስጂዳቸውን ሠሩበት። ስደተኞቹ ሲደርሱ የሚሰግዱበት ቦታ ጠበቃቸው።