የደሴና የኮምቦልቻ ዙሪያ ተራሮች፦ በደንና በእርከን መካከል የሚደረግ የእግር ጉዞ

በአማራ ክልል ደቡብ ወሎ ዞን የሚገኙት የደሴና የኮምቦልቻ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የሚገናኙ ጎረቤታሞች ቢሆኑም የአየር ጠባያቸው የተለያየ ነው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል የተቆረቆረችው ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ በ1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ተጓዡን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ ያወርደዋል። ይህ የከፍታ ልዩነት አካባቢው በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ደንን፣ እርሻን፣ ሐይቅንና ገደልን አጣምሮ ለማየት የሚያስችል እንዲሆን አድርጎታል።

በዓለም ላይ በእርከን እርሻቸው የሚታወቁት አብዛኞቹ ተራራማ ሥፍራዎች ሩዝ የሚመረትባቸው ናቸው። በፊሊፒንስ የሉዞን ደሴት የሚገኙት የኢፉጋኦ የሩዝ እርከኖች እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በኢትዮጵያ ሩዝ በስፋት የሚመረተው በፎገራ ሜዳ እንጂ በተራራ ላይ አይደለም። የወሎ እርከኖች የሚያበቅሉት ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ጤፍና ማሽላ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን የሚያመሳስል ዋና ጉዳይ አለ። የኢፉጋኦ ገበሬዎች ከእርከኖቻቸው በላይ "ሙዮንግ" የሚሉትን ደን ጠብቀው የሚያቆዩት የእርሻው ውኃ የሚመነጨው ከዚያ በመሆኑ ነው። በደቡብ ወሎም ከላይ ያለው ደን ከተራቆተ ከታች ያለው እርከን ጎርፍን መቋቋም አይችልም።

የጎፍ ደን

ከኮምቦልቻ ከተማ በላይ የሚታየው የየጎፍ ተራራ ጫፉ ወደ 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ይጠጋል። ደኑ በአገር አቀፍ ደረጃ ቅድሚያ ትኩረት እንዲሰጣቸው ከተለዩት 58 ደኖች አንዱ ነው። በውስጡ እንደ ጽድና ወይራ ያሉ አገር በቀል ዛፎች፣ እንዲሁም በተከላ የለሙ የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ ይገኛሉ። በዳርቻዎቹ ክትክታ፣ አጋምና ቀጋ ይበዛሉ።

ተራራውን ከግርጌው ጀምሮ የሚወጣ ተጓዥ በመጀመሪያ የሚያልፈው በማሳዎችና በመንደሮች መካከል ነው። ከዚያም የተተከለው ደን፣ ከፍ ሲልም የተፈጥሮ ደኑ ይቀበለዋል። ከላይ ሆኖ ሲመለከት ከደሴ በኩል መጥቶ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ጨፋ ረግረጋማ ሜዳ የሚፈስሰውን የቦርከናን ሸለቆ ያያል። ቦርከና የአዋሽ ተፋሰስ አካል ነው። በመሆኑም በእነዚህ ተራሮች ላይ የሚቆረጥ ዛፍ ጉዳቱ በአካባቢው ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

እርከኖቹ እንዴት ተሠሩ

ወሎ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. በደረሱት ድርቅና ረሃብ እጅግ ከተጎዱት የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነበር። ከእነዚህ ዓመታት በኋላ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር የድንጋይና የአፈር እርከኖች ተሠሩ፤ ኮረብታዎች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከለሉ፤ ችግኞችም ተተከሉ። እርከን የተዳፋት መሬትን ርዝመት እየቆራረጠ የጎርፉን ጉልበት ይቀንሳል፤ ታጥቦ የሚወርደው አፈር ከካቡ ጀርባ ይጠራቀማል። ከዓመታት በኋላ ተዳፋቱ እየለዘበ የደረጃ ቅርጽ ይይዛል።

ሥራው ግን ሳይፈተን አልቀረም። አብዛኛው ከላይ በወረደ ትእዛዝ የተከናወነ በመሆኑ ገበሬው የራሱ ሀብት አድርጎ አልተቀበለውም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ወቅት በበርካታ የወሎ አካባቢዎች እርከኖች ፈርሰዋል፤ በጋራ የተተከሉ ደኖችም ተጨፍጭፈዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በክልሉ ለአርሶ አደሩ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም በየዓመቱ በበጋ ወራት በሕዝብ ንቅናቄ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ እርከኖቹ ዳግም እንዲስፋፉ አድርገዋል።

ማይባር

ከደሴ በስተደቡብ የሚገኘው ማይባር በተራሮች የተከበበ አነስተኛ ሐይቅ ያለበት ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያካሄዱት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የመጀመሪያ ጣቢያውን ያቋቋመው በዚሁ አካባቢ ነው። በጣቢያው የዝናብ መጠን፣ የወንዝ ፍሰትና በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ለብዙ ዓመታት ተለክቷል። በፕሮጀክቱ ጣቢያዎች የተካሄዱት ጥናቶች አፈር በብዛት የሚታጠበው መሬቱ ታርሶ ሰብሉ ገና ባልሸፈነበት ወቅት መሆኑን አመልክተዋል። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ በሚገባ የሚለሰልስና ዘግይቶ የሚሸፈን በመሆኑ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ለተጓዡ ማይባር ከውበቱ ባሻገር ትምህርት የሚገኝበት ሥፍራ ነው። ያልተሠራበት ተዳፋትና በእርከን የተያዘ ማሳ ያላቸውን ልዩነት በዓይን ማየት ይቻላል።

ሌሎች መዳረሻዎች

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሐይቅ ከተማና ስሙን የሰጣት ሐይቅ ይገኛሉ። በዚያ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ነበር። በደሴና በሐይቅ መካከል የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ደግሞ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሰብሳቢነት የተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ ሥፍራ ነው።

ረዘም ያለ ጊዜ ያለው ተጓዥ ከደሴ በስተምዕራብ ወደሚገኘው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ይችላል። በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ደንቆሮ ጫካ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሥፍራ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ከሚገኙባቸው ጥቂት የአገሪቱ ተራሮች አንዱ ነው።

ለተጓዦች

ለእግር ጉዞ የሚመረጠው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ሰብሉ የሚደርስበትና የሚሰበሰብበት በመሆኑ እርከኖቹ ደምቀው ይታያሉ። ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጭጋግና ጭቃ ጉዞውን ያከብዳሉ። የደጋው ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል።

ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ወር መጨረሻ እስከ ኅዳር ወር መጨረሻ ባለው ጊዜ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ አልፈዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም የገጠር ጉዞን አስቸጋሪ አድርጓል። ስለዚህ ማንኛውም ተጓዥ ከመነሳቱ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደር ማጣራት ይኖርበታል።

መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ተወላጅ ይዞ መጓዝ ለደኅንነት ይጠቅማል፤ ገቢውም በቀበሌው ይቀራል። የእርከን ካብ ላይ መርገጥ ድንጋዩን ስለሚያላላ በተለመደው የእግር መንገድ መሄድ ተገቢ ነው። በተከለለ ቦታ እሳት ማንደድ አይገባም።

የእነዚህ ደኖች ዋነኛ ፈተና ዛሬም የማገዶ፣ የግጦሽና የእርሻ መሬት ፍላጎት ነው። እያደጉ የመጡት ሁለቱ ከተሞች ማገዶና የግንባታ እንጨት ይሻሉ፤ በተራራው ግርጌ ያለው አርሶ አደር ደግሞ ከብቶቹን የሚያሰማራበት መሬት ይፈልጋል። የ1983ቱ ልምድ እንደሚያሳየው ነዋሪው የማይጠቀምበት ደንና እርከን ጠባቂ ባጣ ጊዜ ይጠፋል። ከተከለለው ኮረብታ ሣር አጭዶ የሚወስድ፣ ከንብ ቀፎው ማር የሚቆርጥ ወይም መንገድ በመምራት ገቢ የሚያገኝ ቤተሰብ ግን ተራራውን የሚጠብቅበት የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። የእግር ጉዞ ቱሪዝም ለአካባቢው የሚኖረው ፋይዳም ሊመዘን የሚገባው በጎብኚዎች ብዛት ሳይሆን በዚሁ መለኪያ ነው።