ከጋዜጣ ቤት የመጣ ዳገት

ዛሬ ስለ ኮድ ልናወራ ነው። ገጹን ለመዝጋት የቸኮላችሁ ትንሽ ታገሡን፤ ወሬው የጋዜጣም ወሬ ነው።

ጃንጎ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ፣ ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያገለግል ፍሬምወርክ ነው። ኢንስታግራም የተሠራው በእሱ ነው። ፍሬምወርክ ማለት ምሰሶውና ጣሪያው ቆሞ የሚጠብቃችሁ ቤት እንደ ማለት ነው፤ ግን በር የት እንደሚሆን የወሰነው ሌላ ሰው ነው። አንድ ዜና ከዳታቤዝ አውጥቶ ለማሳየት ጀማሪው ሞዴል፣ ሚግሬሽን፣ ቪው፣ ዩአርኤል፣ ቴምፕሌት የሚባሉትን ሁሉ መተዋወቅ አለበት። ብዙዎች እዚህ ዳገት ላይ ይቀራሉ። «ሰነፎች ስለሆኑ ነው» የሚል ፍርድም ይከተላቸዋል። እኛ አንስማማም፤ ለምን እንደሆነ ታሪኩ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎውረንስ በምትባል 80 ሺህ ያህል ሰው በሚኖርባት ከተማ፣ ኤድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን የሚባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች ለአካባቢው ጋዜጣ ለሎውረንስ ጆርናል ወርልድ ይሠሩ ነበር። ሲሊከን ቫሊ አይደለም፤ እኛ «ክፍለ ሀገር» የምንለው ዓይነት ቦታ ነው። የዜና ክፍሉ አዲስ ገጽ ሲፈልግ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ነበር። ሁለቱ ልጆች በየጊዜው የሚደጋግሙትን ሥራ አንድ ላይ ሰበሰቡት፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2005 በነፃ ለዓለም ተለቀቀ። ስሙ የተወሰደው ሁለት ጣቶቹ በእሳት አደጋ ተጎድተው በቀሩት ከተጫወተው ጊታሪስት ከጃንጎ ሬይንሃርት ነው። (ጃንጎ የሚማር ሰውም በሁለት ጣት እንደሚተይብ ይሰማዋል፤ ይህ የእኛ አስተያየት ነው።)

እንግዲህ ጃንጎ የአንድ ዜና ክፍል ልማድ በኮድ ተጽፎ ማለት ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር ከሰማናቸው ቃላት አንዱ «ስለግ» ነው፤ ዜናው በዝግጅት ክፍሉ የሚጠራበት አጭር ስም። ጃንጎ ቃሉን ከነሥራው ወስዶ የገጽ አድራሻ መሥሪያ አደረገው።

አሁን ወደ አገራችን ምዕራብ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ዩኒቨርሲቲዋ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እዚያ ያለች ተማሪ የከተማዋን ዜና የምታወጣበት ድረ ገጽ ጀመረች እንበል። «ዝናብ በአሶሳ» ብላ ርእስ ሰጠችው። ጃንጎ ርእሱን ወደ ስለግ ሲለውጠው… ባዶ! የላቲን ያልሆነውን ፊደል ሁሉ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ርእሱ ላይ «2016» የሚል ቁጥር ቢኖር፣ የሚተርፈው ቁጥሩ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ጃንጎ ከመለቀቁ 6 ዓመት በፊት።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015፣ በ1.9ኛው እትም ነው፤ እሱም ካልጠየቁት አይሰጥም። ጠይቃ አገኘች እንበል። አሁን ደግሞ ከ2.0 እትም ጀምሮ ያለው የአድራሻ መቀበያ «ስለግ» ሲባል የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ያንንም ለብቻው መቀየር አለባት። የካንሳሱ ልጅ በዚህ በኩል አላለፈም። ጳጉሜንማ አታንሱብን! ቀን የሚይዘው የፓይተን ክፍል 13ኛ ወር ስትሰጡት ስሕተት ነው ብሎ ይመልስላችኋል።

ይህን ሁሉ ኢንተርኔት ያለው ሰው ፈልጎ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ግን ማንን ይጠይቃል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለው ፕሮግራም ተጀመረ። ደግ ነው፤ ግን ያ የዳገቱ ግርጌ ነው። የአሶሳዋ ልጅ የተያዘችው ወገቡ ላይ ነው።

ለጊዜው የምናውቀው ዘዴ ይህ ነው፦ የጃንጎ ሙሉ መመሪያ በፒዲኤፍ በነፃ ይወርዳል፤ በፍላሽ ተይዞ አሶሳ መግባት ይችላል። ወፍራም ነው፤ እንግሊዝኛም ነው። በአማርኛ የሚጽፈው ሰው ከተገኘ፣ ከስለግ ቢጀምርልን ደስ ይለናል።